ከልጆቻችን ጋር በጣና ዳር ያደርንባቸው ሁለት ሌሊቶች

ክረምት በመጣ ቁጥር በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጆች ምን ይሥሩ? ከፊሉ ቤተሰብ ቁርኣን ቤት ያስገባቸዋል፤ ከፊሉ ወደ ሱቅ ይወስዳቸዋል፤ የቀሩት ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ተደፍተው ይከርማሉ። እያንዳንዱ የራሱ ጥቅም ወይም ጉዳት ቢኖረውም በሁሉም ዘንድ አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ ይኸውም ወላጅና ልጅ አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ጊዜ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት እኛ በባሕር ዳር የምንኖር ሰባት ቤተሰቦች ይህን ጉድለት ለመሙላት ያደረግነውን ሙከራ ለእናንተ ማካፈል ወደድን።

ያሰብነው ልጆችን ካምፕ መላክ ሳይሆን ከልጆች ጋር ካምፕ መውጣትን ነበር። መንገዱን ያሳዩን ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ አንድ የሰፈራችን አባት ናቸው፤ በንጉሡ ዘመን ተማሪ ሳሉ ስካውት ነበሩ። ስካውት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 ቤደን ፓወል የተባለ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ሃያ የሚሆኑ ልጆችን ሰብስቦ በድንኳን ባሳደረ ጊዜ ነው። ልጆቹ ከሀብታምም ከሠራተኛም ቤተሰብ የመጡ ነበሩ፤ በትናንሽ ቡድን ከፍሏቸው ለእያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ መካከል መሪ ሰየመለት። ሰውየው በስተርጅና ኬንያ ገብቶ ሲኖር እ.ኤ.አ. በ1941 ሞተ፤ መቃብሩም በኔሪ ከተማ ይገኛል። በአገራችን ስካውት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶች የታወቀ ነበር፤ በደርግ ዘመን ተቋረጠ።

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ለሙስሊም ልጅ ምን ይበጀዋል?» ብሎ የጠየቀን ሰው አልጠፋም። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አባላት ያሉት የስካውት ድርጅት የሚገኘው ግን ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም በሆነችው በኢንዶኔዥያ ነው። በሐጅ ወቅትም መንገድ የጠፋባቸውን ሑጃጅ ወደ ማረፊያቸው የሚያደርሱ የሳዑዲ ስካውቶች አሉ። ሦስት ሰዎች እንኳ ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን ሁላችንም ሰምተናል። እንግዲህ ሥርዓቱ ለእኛ ባዳ አይደለም።

ዐረፋ በዋለ በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ ነሐሴ 25፣ የጁሙዓ ሶላት ከሰገድን በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ወደሚገኝ የአንድ ወዳጃችን የሣር መስክ ሄድን። ለወንዶች አንድ፣ ለሴቶች አንድ ትልቅ ድንኳን ተከልን። ከዚያም ሽማግሌው ሁሉንም ሰብስበው አሚሮቹን ሰየሙ። የወንዶቹ አሚር የ14 ዓመት ልጅ፣ የሴቶቹ የ13 ዓመት ልጅ ሆኑ። ውኃ የሚያመጣውን፣ እንጨት የሚፈልጠውን፣ ሌሊት የሚጠብቀውን የሚመድቡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አባትም ሆነ እናት የታዘዘውን ይሠራል። ሁለት መቶ ሠራተኛ የሚያዝ ነጋዴ «ጋሼ፣ ሽንኩርት የመላጥ ተራው የእርስዎ ነው» ተብሎ ሲነገረው ሣቁን አፍኖ ቢላዋውን አነሣ። የኸንደቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከሶሐቦቻቸው ጋር አፈር መሸከማቸውን ለልጆቻችን ስንት ጊዜ ተርከንላቸዋል! በዚያ ቀን ግን ልጆቹ ትረካውን በዓይናቸው ያዩት ያህል ሆነላቸው።

ስለ ሴቶች ልጆቻችን አንድ ነገር እንበል። ከሰባቱ ቤተሰቦች አምስቱ ሴት ልጃቸውን ብቻዋን ለአዳር ጉዞ የሚልኩ አልነበሩም። የሴቶቹ አሚር እናት «እኔ ባልመጣ ኖሮ እሷም አትመጣም ነበር» ብለዋል። ልጅቷ በመጀመሪያው ሌሊት ዝናብ ሲጥል በድንኳኑ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ አስቆፈረች፤ ንጋት ላይም እናቶችን ሁሉ ለሱብሒ ቀሰቀሰች። ቤት ውስጥ አንገቷን ደፍታ የምትውለው ልጅ ይህን ያህል ማድረግ እንደምትችል ያወቅነው አብረናት ስላደርን ነው።

ሽማግሌው አስቀድመው ያስጠነቀቁን ስለ ውኃው ነበር። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። የትሉ እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ በትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ በሚዋኝ ወይም እግሩን በሚነክር ሰው ቆዳ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ለመጠጡም ለዉዱኡም የቧንቧ ውኃ በጀሪካን ይዘን ሄድን፤ በዳርቻው መራገጥና መዋኘት ተከለከለ። የመጸዳጃ ጉድጓዱንም ከሐይቁ ርቀን ቆፈርን። በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናት፣ ሰዎች ውኃ በሚቀዱበትና በሚጠለሉበት ቦታ መጸዳዳት በዲናችን መከልከሉን ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። ክልከላው ስንት ሰው ከበሽታ እንደሚጠብቅ የተረዱት ግን አካፋ ይዘው ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ነው። የወባ ትንኝ ስላለችም ማንም ያለ አጎበር አልተኛም።

ቅዳሜ ጠዋት የታንኳ ሥራ ትምህርት ነበር። አስተማሪያችን ከነገደ ወይጦ ወገን የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ነገደ ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ በጣና ዳር የኖሩ፣ በደንገል ታንኳ ሥራ የታወቁ፣ እስልምናን የሚከተሉ ወገኖቻችን ናቸው። ሆኖም የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበር እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲናቁና ሲገለሉ ኖረዋል፤ ንቀቱም ከክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን ከሙስሊሙም ነበር። አዛውንቱ ደንገሉን እየደረደሩ፣ በጉልበታቸው እየተጫኑ፣ በገመድ እየጠፈሩ ሲያሳዩን ልጆችና ወላጆች ከፊታቸው በአንድ ረድፍ ተቀመጥን። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። አጥብቆ ያላሰረ ሰው ይሰምጣል፤ የማንም ዘር ቢሆን። ከትምህርቱ በኋላ አዛውንቱ በአንድ ገበታ አብረውን በሉ፤ ዙህርንም ከጎናችን ቆመው ሰገዱ። ልጆቻችን «አላህ ዘንድ የሚበላለጠው በተቅዋ ነው» የሚለውን ትምህርት በጆሮ ብቻ እንዳይዙት የሚያደርግ እንዲህ ያለ ገበታ ነው።

የቂብላ ትምህርቱም የማይረሳ ነው። ከባሕር ዳር ሲታይ መካ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትገኛለች። ስለዚህ በደቡቡ ዳርቻ ለሶላት የቆመ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሐይቁ ነው። ልጆቹ ቀን በኮምፓስ አረጋገጡት። እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደመናው ገለጥ ሲል ሽማግሌው የሰሜን ኮከብን አሳዩአቸው። ይህ ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ተመልካቹ ካለበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ በባሕር ዳር ወደ 11 ዲግሪ ተኩል ስለሆነ ከውኃው በላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። ከኮከቡ ጥቂት ወደ ቀኝ ዞረን ሱብሒን ሰገድን።

ከሁሉ የበለጠው ግን የሌሊቱ ጥበቃ ነበር። በጣና ጉማሬ አለ፤ ሌሊት ለግጦሽ ከውኃ ይወጣል። ስለዚህ መንገዱን ከሚያውቁ ገበሬዎች ጠይቀን ድንኳናችንን ራቅ አድርገን ብንተክልም እሳት አንድደን በተራ እንጠብቅ ነበር፤ አንድ አባት ከገዛ ልጁ ጋር፣ ለሁለት ሁለት ሰዓት። ከመካከላችን አንዱ ከመተማ አዲስ አበባ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የሚከተለውን የምንጽፈው በፈቃዱ ነው። ከ12 ዓመት ልጁ ጋር በሸራው ሥር ተቀምጠው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ ልጁ እሳት እሳቱን እያየ «አባዬ፣ ካርዴን አላሳየሁህም፤ ሒሳብ ወድቄአለሁ» አለው። ካርዱ ከሰኔ ጀምሮ ፍራሽ ሥር ተደብቆ ነበር።

አባትየው በማግሥቱ እንዲህ አለን፦ «ቤት ቢሆን ንግግሩን ሳይጨርስ እጄ ይነሣ ነበር። እዚያ ግን ገና አንድ ሰዓት ተኩል ይቀረናል። እኔ ጥዬው የምሄድበት የለም፣ እሱም ሮጦ የሚደበቅበት የለም። ‹ምኑ ነው የከበደህ?› አልሁት። ‹ክፍልፋይ› አለኝ። እኔ ደግሞ የናፍጣና የጭነት ሒሳብ ስሠራ ነው የኖርሁት።» ጭራሮ ሰብረው መሬት ላይ እየደረደሩ ተራቸው አለቀ። ልጁ በቀጣዩ ዓመት አንደኛ ወጣ ብለን አናጋንንም፤ አለፈ። ካርዱን ግን ከዚያ ወዲህ ራሱ አምጥቶ ለአባቱ ይሰጣል።

ውድ ወላጆች፣ ልጅ ምሥጢሩን የሚያወጣው «ና ንገረኝ» ስለተባለ አይደለም። አብሮት የሚሠራ፣ አብሮት የሚደክም፣ ከእርሱ ጋር ለመቀመጥ በቂ ጊዜ ያለው ሰው ሲያገኝ ነው። እኛ ካየነው በመነሣት ለመሞከር ለምትሹ ጥቂት ነጥቦችን እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቤተሰቦቹ ከአሥር አይብለጡ፤ ሲበዙ ወላጆች ለብቻ ወሬ፣ ልጆች ለብቻ ጨዋታ ይይዛሉ።

ሁለተኛ፣ አሚሩ ልጅ ይሁን፤ ወላጅ በሰው ፊት ትእዛዙን አይሻርበት። የሚያሰጋ ነገር ሲኖር አንድ ትልቅ ሰው ለብቻው ጠርቶ ይምከረው።

ሦስተኛ፣ ስልክ ሁሉ፣ የወላጅም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይቀመጥ፤ ለድንገተኛ ጉዳይ አንድ ብቻ ይከፈት።

አራተኛ፣ የባለቤቱንና የአካባቢውን ሰዎች ፈቃድና ምክር ሳታገኙ የትም አትደሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት ከከተማ ወጥቶ ማደር እንደ ያኔው ቀላል አይደለም። ያም ቢሆን ነገሩ አይቀርም፤ ጣና ባይኖር ግቢ አለ። በግቢያችሁ ሸራ ወጥሩ፤ ልጃችሁን አሚር አድርጉት፤ እሳት አንድዱና አብራችሁት አምሹ።

ልጆቻችን አላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ የምንጠየቅባቸው አማና ናቸው። ለልብሳቸውና ለመጽሐፋቸው እንደምናወጣው ገንዘብ ሁሉ ከዕድሜያችንም ጥቂት ሌሊቶችን እናውጣላቸው። አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን፤ ልጆቻችንንም የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።