የሚዞረው ዳዶ

የቮልስ ፓራፋንጎ ስትፈቱ ቡሎኑ እየዞረ አልወጣ ብሏችሁ ያውቃል? እንግዲያው ከኋላው ያለው ዳዶ አብሮት እየዞረ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ሠላሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ ያውም አባቴን አስቀይሜ ነው።

አባባ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሳሉ የገዟት ነጭ ቮልስ አለቻቸው። ቮልስ በአገራችን ታሪክ ውስጥም ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ነበር። አባባ ግን የሚያደንቋት በሌላ ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ፣ በእኛ ከተማ የታኅሣሥ ውርጭ የሚረጋ የራዲያተር ውኃ የላትም።

ከሁለት ዓመት በፊት ለበዓል ላስደስታቸው ብዬ፣ ሳላማክራቸው አዲስ አበባ ወስጄ አንድ ጋራዥ አስገባኋት። የኋላ ግራ ፓራፋንጎዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሠራተኛው ዳዶዎቹ እንደሚዞሩ ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ ፓራፋንጎውን ከአካሏ ጋር በየደው፣ ስቱኮ ሞልቶ ቀባው። እኔ ማርኬቲንግ ነው ሥራዬ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ሳይ አለቀ እላለሁ። አባባ እጃቸውን በመገጣጠሚያው ላይ አሳለፉና "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ አንኮበር ወዳለው የእናታቸው መቃብር የሚሄዱት በሚኒባስ ሆነ።

ምክንያቱን የነገረችኝ እማዬ ነች። የቮልስ ፓራፋንጎ ራሱን የቻለ ክፍል ነው፤ ሲጋጭ ወይም ሲዝግ ተፈትቶ ይቀየራል። ላሜራ ከላሜራ እንዳይፋተግም መካከሉ ጎማ ይገባል። የእኛን ጎማ ብየዳው አቃጥሎት፣ የክረምቱ ውኃ እዚያው እየተኛ ዝገት ጀምሮ ነበር። መኪናዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የትም አትመረትም።

በዓመት ፈቃዴ ደብረ ብርሃን ሄጄ ብየዳውን አስቆረጥኩ። ዘዴውን ያሳየኝ የሰፈራችን ባቲላሜራ ነው። (ጋራዥ ስትገቡ ግማሹ ወሬ ጣልያንኛ ነው፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ላሜራ ከዚያው የመጡ ናቸው።) የመኪና ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም። በቀጥታ ጥርስ ብታወጡለት ቡሎኑ የሚይዘው ጥርስ ስለሚያንስ ሲጠብቅ ይላጣል። ስለዚህ ከኋላ ዳዶ ያስፈልጋል፤ ከኋላ ግን ዝግ ነው፣ እጅም ቁልፍም አያስገባም። ለዚህ የሚሆነው ሪቬት ዳዶ ነው፤ ውስጡ ጥርስ የወጣለት፣ አፉ ጠርዝ ያለው አጭር ቱቦ። አሮጌው ዳዶ በትራፓኖ ተቦርቡሮ ከወጣ በኋላ፣ ለ8 ሚሊ ቡሎን 11 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳና ቱቦው ይገባል። ወደ ፊት ሲሳብ ጥርስ የሌለው ወገቡ ከኋላ ተጨፍልቆ ያብጣል፤ ላሜራውንም ከሁለት ወገን ነክሶ ይይዛል።

መሳቢያው መሣሪያ አልነበረንም። በረጅም ቡሎን ላይ ዳዶና ሮንዴላ አስገብቼ፣ ግራሶ ቀብቼ በሁለት ቁልፍ ጀመርኩት። አንዱ ቁልፍ የቡሎኑን ራስ እንዳይዞር ይይዛል፤ ሌላው ዳዶውን ወደ ላሜራው ያጠብቃል። ብቻዬን አልሆነልኝም። ሦስተኛው ላይ ሲያንሸራትተኝ፣ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ የነበሩት አባባ ምንም ሳይሉ መጥተው አንዱን ቁልፍ ያዙ። እጃቸው ማዞር ካቃተው ቆይቷል፤ መያዝ ግን ይችላል።

"ቀስ... ጨምሪ... በቃ!"

ካነሰ ዳዶው ይዞራል፤ ከበዛ ጥርሱ ይላጣል። ልኩን የሚነግራችሁ ክንዳችሁ ነው፤ ሲያብጥ ልስልስ ይላል፣ ሲነክስ ድንገት ይጠነክራል። የተበሳውን ጠርዝ ሞርዳችሁ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባትም አትርሱ፤ እኔ ቸኩዬ ሁለቱን ሳልቀባ ከትቼ፣ ከመሳቤ በፊት አስወጥተውኛል።

በዚያው መካከል "አባባ፣ ያን ጊዜ ሳልጠይቅዎት..." ብዬ ጀመርኩ።

"አዙሪ እንጂ" አሉኝ።

ባለፈው እሑድ ወደ አንኮበር ሄድን፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እማዬ ከኋላ ተቀመጠች፤ አባባ መሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሰጥተው ከጎኔ ሆኑ። ጉሙ ውስጥ ስንገባ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡ።

"ከታች ሁለተኛው ላልቷል።"

እኔ ምንም አልሰማሁም። ቆምን። ከመቀመጫው ሥር 13 ቁጥር ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። እውነትም ግማሽ ዙር ጠበቀ።