ሰብር ያድርጉ ያልናቸው አባት



የዛሬው ጽሑፋችን በራሳችን ላይ ነው። የይጁቤ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ በገበያ ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና ሲጠብቅ ዝናብ ያልመታው፣ አቧራ ያልጠጣ ሰው የለም። ስለዚህ ከከተማው ዳር ለመናኸሪያ ቦታ ተለካ ሲባል ደስ ካላቸው ሰዎች መካከል እኛም ነበርን።

ከጥቂት ወራት በፊት ዐስር ሰግደን ስንወጣ አንድ አባት ወረቀት ይዘው በር ላይ ጠበቁን። ማንበብ አይችሉም። “እስኪ ልጄ፣ ምን ይላል?” አሉ። አነበብንላቸው። ማሳቸው ለመናኸሪያ ግንባታ ይፈለጋል፣ ካሳውም ይህን ያህል ነው ይላል። ዝም ብለው ሰሙና “ባሕር ዛፉስ? ጉድጓዱስ?” ብለው ጠየቁ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም የሉም።

“አባባ፣ ለሕዝብ እኮ ነው። አላህ የተሻለ ይተካልዎት፤ ሰብር ያድርጉ” አልናቸው።

“አሚን” ብለው ወረቀቱን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጥ አድርገው ሄዱ። እኛም ኸይር የሠራን መስሎን ልጆቹን ወደማስቀራት ተመለስን።

ከወር በላይ ቆይቶ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር የእህታቸው ልጅ መጣ። “ኡስታዝ፣ ይሄን ወረቀት ያነበቡላቸው እርስዎ ነዎት?” አለ። አዎ አልን። “የመጨረሻውን አንቀጽስ አንብበውላቸዋል?”

አላነበብንም። ቅሬታ ያለው በ30 ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል። እኛ ዘንድ የመጡት ወረቀቱ በደረሳቸው በዘጠነኛው ቀን ነበር። 21 ቀን ነበራቸው፤ እኛ “ሰብር” ብለን አስበላናቸው።

ልጁ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 (በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታል) በመሬቱ ላይ ለሚገኝ ንብረት ካሳ እንዲከፈል ያዝዛል። ቅር የተሰኘ ሰው መጀመሪያ ለቅሬታ ሰሚው አካል ያመለክታል፤ ካልተስማማ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ትልቁ በ15 ተባዝቶ ይታሰብለታል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሲገነባ በሥራ ላይ በነበረው በ455/1997 አዋጅ ግን የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ነበር የሚባዛው። ስሌቱ ራሱ ሲለዋወጥ የኖረ ነው፤ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እኛ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ስናይ እንደ ቀደር ቆጠርነው።

ይበልጥ ያሳፈረን በመድረሳ ስንት ጊዜ ያስተማርነው ታሪክ ነው። ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ መስጂዳቸው የተሠራበት መሬት ሰህልና ሱሀይል የተባሉ የሁለት የቲሞች ነበር። ልጆቹ በነጻ እንስጥ አሉ፤ እርሳቸው ዋጋውን ሳይከፍሉ አልወሰዱትም። ከዚያ መስጂድ የበለጠ የሕዝብ ጥቅም ምን አለ? የሰው መሬት ስንዝር ታህል እንኳ በግፍ የወሰደ በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር አንገቱ ላይ እንደሚጠለቅለት በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ደግሞ መስጂዱ ጠቦ የዐባስ (ረ.ዐ) ቤት ሲፈለግ፣ ዐባስ እንቢ ብለው ጉዳዩ ኡበይ ኢብን ከዕብ ፊት ቀረበ፤ ኡበይም በኸሊፋው ላይ ለዐባስ ፈረዱ ይባላል። ዐባስ ቤቱን በፈቃዳቸው የሰጡት ከተፈረደላቸው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን። እኛ አዛውንቱን ሐቃቸው ሳይታወቅ ስጦታውን ጠየቅናቸው።

ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ “ልማት አደናቃፊ” ያላችኋቸውም አላችሁ፤ ሰምተናል። እኛም ብንሆን በለስላሳ ቃል ያንኑ ነው ያልናቸው። ሰውየው መናኸሪያውን መቼ ተቃወሙ? “ነፍሰ ጡር በዝናብ አትቁም፤ ግን ዛፌን ቁጠሩልኝ” ነው ያሉት። ማንበብ የምትችሉት፣ ስልክ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ እቤታችሁም እንዲህ ያለ ወረቀት ጋቢው ውስጥ የሸጎጠ አባት ሊኖር ይችላል።

ባለፈው ሰኞ ከልጁ ጋር ሆነን አዛውንቱን ይዘን ማመልከቻ አስገባን። ቀኑ አልፏል አሉን። የዘገየው በእኛ ጥፋት ነው፣ እሳቸው ማንበብ አይችሉም ብለን መሰከርን። ወረቀቱን ተቀብለው “እናየዋለን” አሉ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ዐውፍ እንዲሉን ለመንናቸው።

“ዐውፍ ብያለሁ ልጄ” አሉ። ጥቂት እንደተራመድን ቆም ብለው “ጉድጓዱን ግን በእጄ ነው የቆፈርኩት” አሉን።