ከቀኝ ወደ ግራ

የውድ ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝር እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። በቅድሚያ ዋጋው ይታያል፤ ምግቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል ለእራት የተቀጣጠርን አራት የድሮ ጓደኛሞች፣ ሁላችንም ዓይናችን ከቀኝ ጥግ ሲጀምር አይቼ ሳቄን ዋጥሁ።

ቤቱ ግን ያሳርፋል፤ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ጨዋታ የማያቋርጥ ሙዚቃ፣ ካልጠሩት የማይመጣ አስተናጋጅ። የመንገዱን መጨናነቅ እንኳ ከላይ ስናየው የመብራት ጌጥ ይመስላል፤ ጥሩምባው አይሰማም።

ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክቶች አሉ። አንዱ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ሌላው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የለመድነው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ። 1,000 ብር የተባለው ምግብ ሒሳቡ ሲመጣ 1,265 ብር ይሆናል። ነጋዴውና መሐንዲሱ ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሥጋ አዘዙ፤ እኔም ተከተልኋቸው። መምህሩ ጓደኛችን ዝርዝሩን ከደነና ‹‹እኔ ሾርባ ይበቃኛል፤ ምሳ የበላሁት ዘግይቼ ነው›› አለ።

ትሪ ላይ ቢሆን ይህ ሰበብ አያዋጣውም ነበር። ከአንድ ትሪ ሲበላ እጁን የሰበሰበ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ‹‹ምነው? ብላ እንጂ፣ በሞቴ!›› ይባላል፤ ጉርሻ ይከተላል። የየግል ሳህን ግን አጥር ነው፤ ጎረቤት ምን እንደጎደለው አያሳይም። እንዲህ ባለ ቤት ጉርሻ ሲባል የሚታሰበውም ለአስተናጋጁ የሚተወው ገንዘብ ብቻ ነው።

በገንዘብ መብላት እንግዳ የነበረበት ዘመን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት ሰዉ አልለምደው ስላለ አጼ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው እንዳሳዩ ይተረካል። መክፈሉን በሚገባ ተምረናል። አብሮ መክፈሉ ነው ያስቸገረን።

ድሮ ስድስት ነበርን። ሾርባ የሚያዝ ጓደኛ በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ‹‹ሥራ በዛብኝ›› ይላል፤ በአራተኛው ስልክ አያነሳም። ሁለቱ የቀሩብን በዚህ ዓይነት ነው። አልተጣላንም፤ ሒሳብ ለያየን እንጂ።

ጨዋታው ግን ደርቶ ነበር፤ ያደራውም መምህሩ ነው። የተማሪነታችንን ጉድ ሲያወራ ነጋዴው ከሳቁ ሳይመለስ ከሥጋው ቆርጦ በሹካ አነሣና በጠረጴዛው ላይ አሻግሮ ‹‹በሞቴ!›› አለው። መምህሩ ጎረሰ። ነጋዴው ደገመው። አስተናጋጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ፤ ፈገግ ሳይል የቀረ ግን አይመስለኝም።

ሒሳቡ ሲጠራ ‹‹እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ›› ግብግብ ሆነ። ለካ መሐንዲሱ እጁን ሊታጠብ የተነሣ መስሎ ከፍሎ ኖሯል። መምህሩ ቅር አለው። ‹‹እንግዲያው የሚቀጥለው በእኔ ነው፤ ቦታውንም የምመርጠው እኔ ነኝ!›› አለ።

መረጠም፤ ከቤቱ አጠገብ ያለች ሽሮ ቤት፣ ቅዳሜ በ7 ሰዓት። ነጋዴው ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ስለመጣ ትሪው ተጋምሶ ጠበቀው፤ እስካሁን ያማርራል።