ለአሥራ አንድ ሰው የሚበቃ ጨዋታ

ውድ አንባቢ፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞትና ስለ አገር በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ካርታ ጨዋታ ለመጻፍ መነሣታችንን ስታይ፣ «እነዚህ ልጆች ጨርሰው ሥራ ፈቱ» ማለትህ አይቀርም። ሥራ መፍታታችንን አንክድም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ታገሠን። እኛም ነገሩ ከካርታ ያለፈ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

እኛ አሥራ አንድ ነን። የሁለት ዶርም ልጆች ነን፤ ስድስቱ ካንዱ፣ አምስቱ ከጎኑ ካለው። የምንማረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርስቲ ዋናው ግቢ ነው። ግቢያችን በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተከፍቶ፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲ የተባለ ነው፤ ስለዚህም ከመካከላችን አምስቱ ዛሬም የሚማሩት ውሃ ነው። የቀረነው እንደ ዕጣችን ነን። የምንጠራራው በስማችን ሳይሆን በመጣንበት አገር ነው፤ የደሴው፣ የጂንካው፣ የነቀምቱ፣ የጨንቻው፣ የካምባው እየተባባልን። እናት የሰጠችው ስም የሚወጣው ፈተና የተለጠፈ ቀን ብቻ ነው።

መቼም አርባ ምንጭን የማያውቅ ሰው ምሽታችንን አያውቀውም። እላይ ሴቻ ያለው ሰው ነፋስ ሲያገኝ፣ እኛ ታች ወደ አባያ ሐይቅ የወረድነው ግን ፀሐይዋ ከገባች በኋላም ግድግዳው እንደ ምጣድ ይፋጅብናል። ዶርም ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። መብራት የጠፋ እንደሆነማ ሁሉም ወጥቶ በረንዳው ላይ ይዘረጋል። ውሃ የሞላ ሃይላንድ በስልክ መብራት ላይ እናቆማለን፤ ብርሃኑ እንደ ፋኖስ ይበተናል፤ ቢምቢውም ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል? ካርታ ነዋ!

ያለችን አንዲት ፓኬት ነበረች፤ ሲቀላ ከሱቅ በደረቴ የገዛናት። አምሳ ሁለት ቅጠል። የልብ ሰባቷ ጠፍታ በምትኳ ከሳሙና ካርቶን ቆርጠን ሌላ ሠርተንላታል። ስለዚህም ያቺን ካርታ የያዘው ማን እንደሆነ አገር ሁሉ ያውቃል።

መጀመሪያ የምንጫወተው ኮንከር ነበር። ኮንከር መጥፎ ጨዋታ ነው አንልም፤ የሚመሳሰለውንና የሚከታተለውን እየሰበሰቡ፣ እየሳቡና እየጣሉ፣ ቀድሞ የዘጋው ያሸንፋል። ችግሩ የሚያምረው ሦስትና አራት ሰው ሲጫወተው ነው። አራታችን ስንጫወት ሰባታችን ከኋላ ቆመን እናያለን። ተመልካች ደግሞ አፉን አይዘጋም፤ «ኧረ ያቺን ጣላት!» ይላል፤ ያን ጊዜ ጠብ ነው። ዙሩም ረጅም ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው እንቅልፉ ይመጣል። እያደር ከሰባቱ ገሚሱ መምጣት ተወ። የቀረው ደግሞ «ባዶውን አይጥምም፤ አምስት አምስት ብር እናስይዝ» አለ። አለ ስንል ሌላ ሰው አይምሰልህ፤ እኛው ነን ያልነው።

የካምባው ልጅ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። ገና ሲመጣ «እኔ አያለሁ» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። መስከረም በጠባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አራተኛ ሰው ጎደለንና «ና ግባ» አልነው። «አልችልም» አለ። «ባክህ ግባ፣ እናሳይሃለን» አልነው። በውነትም አሳየነው። አምስቱ ብር አሥር ሆነ፤ አሥሩ ሃምሳ ሆነ። እኩለ ሌሊት ላይ የካምባው ልጅ ስምንት መቶ ብር ተበልቶ ተነሣ። ፈገግ ብሎ «ደኅና እደሩ» አለን።

በማግስቱ የዶርም ጓደኛው ጉዱን ነገረን። ብሩ አባቱ በግ ሸጠው ለመስቀል መሳፈሪያ የላኩለት ኖሯል።

ለጋሞ ሰው መስቀል ምን እንደሆነ ያልገባህ እንደሆን፣ ለእኛም ያን ጊዜ አልገባንም ነበር። ሰው ዓመቱን ሙሉ የትም ይክረም፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የከረመው እንኳ የእጅ ሥራውን አቁሞ አገሩ የሚገባው ለመስቀል ነው። ያን ቀን ከቤት የቀረ ልጅ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ሞቷል ይባልለታል። የካምባው ልጅ ግን አልታመመም፣ አልተጣላም፤ ኮንከር ተጫውቷል። ይህን ለአባቱ እንዴት አድርጎ ይንገር?

ከዚያ ምሽት በኋላ በረንዳው ላይ አልመጣም። እኛም ዝም አልን። አንዳችን «ጨዋታ እኮ ጨዋታ ነው» አለ። ሌላችን «ማን አስገደደው?» አለ። እውነቱን ለመናገር ከስምንት መቶው ገሚሱ የጫሞ ዓሣ ሆኖ ሲቀላ ላይ ተበልቶ ነበር፤ ዓሣውንም የበላነው አብረን ነው።

በአራተኛው ቀን ከሁላችን ዝምተኛው የጨንቻው ልጅ ከዶርሙ ጓሮ ገብቶ ቆየና እፍኝ ሙሉ እርጥብ ሣር ነጭቶ መጣ።

«ተነሡ» አለን።

«ወዴት?»

«እሱ ጋ።»

የምር አልመሰለንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ አደባባይ ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው እንደመለሱት አገር ሁሉ ያየው ነው። እኛም በቴሌቪዥን አይተን «እንዴት ያለ ባህል ነው!» ብለን አድንቀናል። ሣሩ በእኛ እጅ የገባ ጊዜ ግን አፈርን። የደሴው ልጅ መሳቅ ጀምሮ የጨንቻውን ፊት አየና ዝም አለ።

ከእያንዳንዳችን ኪስ እየለቀምን ስምንት መቶውን ሞላነውና ሄድን። የካምባው ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር። «የተበላሁትን አልቀበልም፤ ሕፃን አይደለሁም» አለ። ያን ጊዜ የጨንቻው ልጅ ሣሩን እንደያዘ በጉልበቱ ወረደ። እኛም አንድ በአንድ ወረድን፤ ዶርሙ ጠባብ ስለሆነ ሦስቱ ደጅ ሆነው ነው የተንበረከኩት። የጨንቻው ልጅ በጋሞኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ምን እንዳለው እስከዛሬ አልነገረንም። የካምባው ልጅ ከአልጋው ወርዶ ሣሩን ተቀበለው፤ ከሣሩ ጋርም ብሩን።

ከመካከላችን አንዱ በጸጸት «ያንን ካርታ አሁኑኑ እናቃጥለዋለን!» ብሎ ሲነሣ የካምባው ልጅ ምን አለ መሰለህ፦

«ካርታው ምን አደረገ? እኔ መጀመሪያም የመጣሁት አብሬያችሁ ለመቀመጥ ነው።»

ለመስቀል አገሩ ገባ። ሲመለስ እናቱ የፈጩትን ዳጣ በብልቃጥ ይዞልን መጣ፤ ሲቃጠሉ የከረሙ አሥር ምላሶች ይቅርታውን ቀመሱት። እሱ እስኪመጣ ድረስ ግን እኛ ሥራ አልፈታንም፤ ጨዋታ ስንፈልግ ነበር። ለጨዋታውም አራት ሕግ አወጣንለት፤ ሁሉም የሚቀመጥበት ይሁን፤ ሻይ እስኪበርድ ድረስ የሚለመድ ይሁን፤ ዙሩ ቶሎ የሚያልቅና የተሸነፈውን የማያባርር ይሁን፤ ብር አይግባበት።

መጀመሪያ የቀረበው ክሬዚ ነበር። ከላይ ያለውን በቁጥር ወይም በመልክ የሚመስለውን መጣል ነው፤ ስምንት የያዘ መልኩን ይቀይራል፤ ቀድሞ እጁን ያራገፈ ያሸንፋል። ለሕፃንም ይገባል። የደሴው ልጅ ሲያሰላው ግን ለአሥራ አንድ ሰው አምስት አምስት ሲታደል አምሳ አምስት ካርታ ይፈልጋል፤ ያለን አምሳ ሁለት። መሬት ላይ የሚቀመጥ ቀርቶ ለእጅም አይበቃም። አዋጥተን ሁለተኛ ፓኬት ገዛን። መቶ አራት ሆነ፤ ታድሎ አርባ ዘጠኝ ተረፈ። ተገላገልን ስንል ደግሞ የሕጉ ጭቅጭቅ መጣ፤ በጂንካ ካርታ የሚያስበላው በነቀምት አያስበላም። ይህ ጭቅጭቅ ለካ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኦሃዮ ሜርል ሮቢንስ የተባለ ፀጉር አስተካካይ በዚሁ ጨዋታ ሕግ ከልጁ ጋር ተከራክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ሕጉ በካርታው ላይ የታተመበት «ኡኖ» የተባለ ጨዋታ አወጣ ይባላል። እኛ ማተሚያ ስለሌለን ሕጉን በእስክሪፕቶ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው። ክሬዚ አለፈ፤ ግን ተራ እስኪደርስ አሥር ሰው መጠበቅ አለ።

ቀጥሎ ማፊያ ቀረበ። ይህም የተማሪ ፈጠራ ነው፤ ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የተባለ የሞስኮ ዩኒቨርስቲ የሥነ ልቡና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው ነው። ለሁሉም አንድ አንድ ካርታ ይታደላል፤ ንጉሥ የደረሳቸው ሁለቱ ተደብቀው ወንጀለኞች ይሆናሉ፤ ሌላው ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየ ማንነታቸውን በክርክር ያወጣል። ለብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም፤ ሁለት ቀን ስንጮህ አመሸን። በሦስተኛው ቀን፣ የካምባው ልጅ ከተመለሰ በኋላ፣ አንዳችን በሞቅታ ጣቱን ቀስሮ «ብር የበላኸው አንተ ነህ!» አለው። ጨዋታ ነው፤ ቃሉ ግን በረንዳው ላይ ቀረ። ደግሞም በማፊያ የተጠረጠረ ይወጣል፤ የወጣ ሰው ዳር ሆኖ ያያል። ማየት ደግሞ ትተናል።

ውሸት ሦስተኛው ነበር። ካርታው ሁሉ ይታደላል፤ ሁለቱን ፓኬት ስንቀላቅል ለሰው ዘጠኝ ዘጠኝ ይደርስና አምስት ይተርፋል። ተራ በተራ ካርታ ደፍቶ «ሁለት ንጉሥ» ማለት ነው፤ ያላመነ «ውሸት!» ይላል፤ ሲገለጥ የዋሸ እንደሆነ ክምሩን ይታቀፋል፤ እውነት የሆነ እንደሆነ ጠርጣሪው ይታቀፋል። እዚህ ላይ ብዙ የምናወራው ሁሉ ተሸናፊ ሆንን። የጨንቻው ልጅ ፊቱ የማይነበብ ስለሆነ አሸነፈን። የሳሙና ካርቶኗ ሰባት ብቻ መዋሸት አልቻለችም።

የጸናው ግን ቆርኪ ነው። ፈረንጆች በማንኪያ ይጫወቱታል፤ ለእኛ የለስላሳ ቆርኪ በቃን። አንድ ፓኬት ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አራት አራት አንድ ዓይነት ካርታ ይመረጣል፤ እኛ ሰባቶቹንና ሁለቶቹን አስቀረንና አርባ አራት ቀረ። ተበውዞ ለሰው አራት ይታደላል። መሐል ላይ አሥር ቆርኪ ይቀመጣል፤ ልብ በል፣ ከሰው አንድ ያንሳል። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ አንድ አንድ ካርታ ወደ ቀኙ ያሳልፋል፤ እንደገና፣ እንደገና። አራት አንድ ዓይነት የሞላለት ሰው ቀስ ብሎ ቆርኪ ያነሣል፤ ያን ያየ ሁሉ ይሻማል። አንድ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ዙሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ተራ መጠበቅ የለ፣ አማርኛ ማሳመር የለ፣ ብልጥ መሆን የለ፤ ዓይንና እጅ ብቻ።

በሌላው ዘንድ ባዶ እጁን የቀረ ይወጣል። እኛ ይህን ሕግ ሻርነው። ባዶ የቀረው ካርታውን ሰብስቦ ይበውዛል፤ ያድላል። በየሽንፈቱም ከ«አርባ ምንጭ» አንድ አንድ ፊደል ይጻፍበታል፤ ስድስቱ ፊደል የሞላበት ጠዋት የአሥራ አንዱን ሻይ ይገዛል። ቅጣቱ ይኸው ነው።

የጨንቻው ልጅ ይህን ሕግ ስናወጣ «ይሄ ዱቡሻ ነው» አለን። ዱቡሻ በጋሞ ሰው የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው፤ ነገር ሲኖር ተቀምጠው ይነጋገሩበታል፤ እስኪስማሙ ይቆዩበታል። ካርታና ዱቡሻን ምን አገናኛቸው ብለን ስቀንበት ነበር። ዛሬ ግን ጨዋታ ስንመርጥ «ማን ይጎብዝበታል?» ማለት ትተን «ማን ይቀርበታል?» እንላለን። ይህችን ጥያቄ የተማርነው በስምንት መቶ ብርና በእፍኝ ሣር ነው።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ቆርኪ ስንሻማ፣ ከወዲያኛው ብሎክ የመጣ አንድ አዲስ ልጅ በሩ ጋ ቆሞ አየን። «ና ግባ» አልነው።

«እኔ አያለሁ» አለ።

ሁላችንም ቀና አልን። የካምባው ልጅ ምንም ሳይናገር የተቀመጡትን አራት ሁለቶች አንሥቶ ከካርታው ጋር በወዛቸው፤ ከኪሱም አንድ ቆርኪ አውጥቶ መሐል ላይ አኖረ፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።