ሞሶሎኒ ሽማግሌ የሆነበት ቅዳሜ

ታዲያላችሁ ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሆነን አንዲት ጓደኛችን ቤት ፊልም አየን። ሲኒማ ቤት እንዳይመስላችሁ! አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፍላሽ፣ ቡና ከነቁርሱ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጥጥ የሚፈትሉ የጓደኛችን አያት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ዳርከስት አወር» ነው። ስለ እንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ዊንስተን ቸርችል የተሠራ ነው። ፊልሙ በሁለት ሰዓት አለቀ፤ ክርክሩ ግን እስከ ማታ ዘለቀ።

ላላያችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው ግንቦት 1932 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ሜይ 1940። ሂትለር አውሮፓን እየጠቀለለ ነው። የእንግሊዝ ጦር ደንከርክ በምትባል የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ተከቧል። ቸርችል ሥልጣን ከያዘ ገና ወር አልሞላውም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ በጣሊያን በኩል የሰላም ድርድር ይሞከር ይላል። ቸርችል አይሆንም፣ እንዋጋለን ይላል። ክርክሩ የለየለት ሜይ 28 ቀን ነበር። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ብንመልሰው ግንቦት 20 ሆኖ አረፈው፤ እኛ ምን እናድርግ!

አስተያየቱ የጀመረው ከአድናቂዎቹ ነው። «ትወና ማለት ይሄ ነው!» አለ አንዱ፤ የቸርችልን ቦታ ስለተጫወተው ስለ ጋሪ ኦልድማን። ሐቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የምርጥ ተዋናይ ኦስካርን ወስዶበታል፤ ፊቱን የለወጡት የሜካፕ ባለሙያዎችም ተሸልመውበታል። ሁላችንም ያጨበጨብንበት ቦታ ግን ባቡሩ ላይ ነው። ቸርችል ግራ ሲገባው ከመኪናው ወርዶ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ይሳፈራል። ተሳፋሪውን እንደራደር ወይስ እንዋጋ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ እንዋጋ ይለዋል።

ደስታችንን ያደፈረስነው ራሳችን ነን። ያ የባቡር ጉዞ ፊልሙ የፈጠረው እንጂ የተደረገ ነገር አይደለም። ከጎኑ የማትጠፋው ጸሐፊውም፣ ኤልሳቤጥ ሌይተን፣ እሱ ዘንድ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ይህን ብንናገር «ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ፊልም ማየት አቃታችሁ» ተባልን። ይሁን፣ ፊልም መፍጠር ሥራው ነው። እኛን የከነከነን ግን ሌላ ነገር ነው። የታክሲ መስኮት ይከፈት ይዘጋ በሚለው እንኳ የማይስማማ ተሳፋሪ ነን። እንዴት ነው አንድ ፉርጎ ሙሉ ሰው ስለ ሞትና ሕይወት ተጠይቆ አንድ እንኳ «ቆይ እስቲ» የሚል የጠፋው?

ተቃዋሚውም አልተኛም። እ.ኤ.አ. በ1943 በቤንጋል ሚሊዮኖች በረሃብ ሲያልቁ የቸርችል መንግሥት የላከው እርዳታ ዘገየ፣ አነሰ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። «ይህን ፊልም አንድ የካልካታ ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ቢያየው ታጨበጭቡ ነበር?» አለን። ፊልሙ የሚያሳየው የ1940ን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው ብለን ተከራከርን። ክርክሩን አሸነፍን መሰለን፤ ጥያቄው ግን እዚያው ቀረ።

የቀኑን ትልቅ አስተያየት የሰጡት ግን እማማ ናቸው። እንግሊዝኛ አይሰሙም። ፊልሙ መሀል አንድ ስም ብቻ ጆሯቸው ገባ።

«ሞሶሎኒ ነው ያለው? እሱን ደግሞ እዚህ ምን ጥልቅ አደረገው?»

«ሊያስታርቃቸው ነው እማማ።»

እንዝርታቸውን አቆሙ። «ሞሶሎኒ? ሽማግሌ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አጎታቸው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጠዋት ከቤት እንደወጡ ነው የቀሩት። ከአባታቸው የሰሙትን ነገሩን፤ ላፕቶፑም ለጊዜው ቆመ።

እማማ ሳቃችንን ከቀሙን በኋላ ፊልሙ ያላሳየውን እያሰብን አየነው። ይኸው ሎርድ ሃሊፋክስ ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት ፊት፣ አገሮች የጣሊያንን ገዥነት በኢትዮጵያ ላይ ማወቅ ይችሉ ዘንድ የተከራከረ ሰው ነው። ጃንሆይ በአካል እዚያው ነበሩ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት እንግሊዝ ወረራውን አወቀች፤ ከሞሶሎኒ ጋር ሰላም ለመሆን። ቸርችልና ሃሊፋክስ ለንደን ውስጥ ሲከራከሩ ደግሞ ጃንሆይ ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሀውስ ውስጥ ስደተኛ ነበሩ። አርበኞቻችን ጫካ ናቸው። ሞሶሎኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነው የጃንሆይ መንገድ የተከፈተው። በሱዳን በኩል ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። የሃሊፋክስ ሽምግልና ቢሠምር ኖሮ ይህ ሁሉ መቼ ይሆን እንደነበር እንጃ። የዚያ ሰላም ዋጋ ከእኛ ኪስ ሊከፈል ይችል ነበር። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ላይ የቸርችል ወገን ሆንን። ልክ እንደ ባቡሩ!

አንዷ ግን ዝም እንዳለች ነው። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ፣ «እኔ ሃሊፋክስ አሳዘነኝ» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። ወንድሟ በ2013 ዓ.ም. በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም እናቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው «መቀመጥ ከተቻለማ ለምን ቀድመው አልተቀመጡም?» ብለው እንደነበር ያን ዕለት ነገረችን።

«እናንተ ባቡሩን አያችሁ» አለች፤ «እኔ ካሌን አየሁ።» ካሌ ከደንከርክ ብዙም የማትርቅ ወደብ ናት። ፊልሙ ውስጥ 4,000 ያህል ወታደሮች እዚያ አሉ። አዛዣቸው ብርጋዴር ኒኮልሰን ይባላል። መርከብ አይመጣላችሁም፣ ጠላትን ያዙልን የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ትእዛዙን ሲያነብ የምናየው ለአፍታ ብቻ ነው። ከደንከርክ ከ338,000 በላይ ወታደር ተረፈ። «ይህን ቁጥር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካሌ ከቀሩት ውስጥ ግን ከኒኮልሰን ሌላ የማንን ስም ታውቃላችሁ?»

አንድም አላወቅንም።

ይሄኔ እማማ ከጥጋቸው ተናገሩ። «እኔ ሞሶሎኒ አያስታርቅም አልኩ እንጂ፣ ልጄ፣ መታረቅ መጥፎ ነው አልወጣኝም።»

እኛም ሐሳባችንን አልቀየርንም፤ በዚያች ግንቦት ቸርችል ልክ ነበር እንላለን። ግን እርቁን የተቃወምነው ዋጋውን ክፍሉ ውስጥ የሌለ ሰው፣ ማለትም እኛ፣ ሊከፍል ነው ብለን ነው። የጦርነቱንም ዋጋ የከፈሉት ክፍሉ ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች መሆናቸውን ጓደኛችን ባትነግረን ኖሮ አናስተውለውም ነበር። ባቡሩ ላይ ያጨበጨብነው ስድስታችንም መስሎን ነበር። ለካ አምስት ነበርን።

ሰኞ ዕለት ፍላሹን ለሌላ ሰው ልናውሰው ብንጠይቃት «ትንሽ ቆዩ፣ ለእማዬ እያሳየኋት ነው» አለችን።

«የት ደረሳችሁ?»

«ካሌ። እዚያ ላይ አቁሚልኝ ብላኛለች።»