በናስትሮ የተሸፈነ ስንፍና

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እቤታችሁ በናስትሮ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ? «የለም» ካላችሁ እሰየው፤ የእኔን ጉድ ስሙ።

ከቤተሰብ ወጥቼ ቤት ስከራይ እናቴ አንድ አሮጌ አባዡር ሰጥታኝ ነበር። እግሯ እንጨት፣ ብርሃኗ ለንባብ የሚመች። ችግሯ ገመዷ ነው። ስፒናው ሥር ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ መዳቡ ብቅ ብሏል። ናስትሮ ጠቀለልኩበት። ሲሞቅ ሙጫው ለቀቀ፤ እንደገና ጠቀለልኩበት። «ነገ ይቀየራል» እያልኩ ዓመት አለፈ። ልብ በሉ፣ «እቀይረዋለሁ» አላልኩም፤ «ይቀየራል» ነው ያልኩት። መብራት መነካካት የወንድ ሥራ ነው ተብዬ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አንዱ ወንድ መጥቶ እስኪሠራልኝ እጠብቅ ነበር። የመጡት ወንዶች ደግሞ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ!

ታዲያላችሁ፣ ታናሽ እህቴ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልታጠና እኔ ጋ መጣች። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥላት ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና አባዡሯን ወደ አልጋዋ ልታስጠጋ በእርጥብ እጇ ስፒናውን ያዘችው። ጩኸቷ ነው የቀሰቀሰኝ። ዘልዬ ተነሥቼ አቀፍኳት። ደግነቱ ኤሌክትሪኩ ቀድሞ ወርውሯት ነበር። እንደያዛት ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬያት እቀር ነበር። እንዲህ ሲያጋጥም ሰውየውን ከመንካት በፊት ቆጣሪው ጋ ሮጦ ማጥፋት እንደሚገባ ያወቅኩት ኋላ ነው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ከጣቷ ቃጠሎ በቀር ደህና ነች ተባለ። ስንመለስ መንገድ ላይ «ገመዱ እንደዚያ መሆኑን ታውቂ ነበር?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? አውቅ ነበር።

ያኑ ቀን አባዡሯን አንጠልጥዬ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። ይሠሩልኛል ብዬ ስጠብቅ ጋሼ «ካቻቢቴውን ያዢ፤ የምትሠሪው አንቺው ነሽ» አይሉኝም መሰላችሁ! ያስተማሩኝን እነሆ።

መጀመሪያ ስፒናው ከሶኬቱ ይነቀላል። ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። የሚነቀለውም ስፒናው ተይዞ እንጂ ገመዱ ተጎትቶ አይደለም። የእኔን ገመድ የበላው ይኸው መጎተት ነው።

ቀጥሎ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አዲስ ስፒናና ተጣጣፊ፣ ባለ ሁለት ሽቦ፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ገዛሁ። 60 ዋት አምፖል በእኛ 220 ቮልት 0.3 አምፔር እንኳ ስለማይስብ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ድርቅ ያለ ሽቦ ግን ሲተጣጠፍ ስለሚሰበር አይሆንም። አሮጌው ላይ መቀጠልም የለም፤ የሚቀየረው ሙሉው ገመድ ነው። አባዡሩ ብረት ከሆነ ደግሞ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ይገዛል። አረንጓዴና ቢጫ ያለበት ሽቦ ከብረቱ ጋር ይታሰራል፤ ስፒናውም ሶኬቱም የመሬት መስመር ያላቸው መሆን አለባቸው።

ከዚያ አምፖሉ የሚገባበትን ፖርታላምፓዳ ፈታሁ። ቀጫጭኖቹ መዳቦች እንዳይቆረጡ እየተጠነቀቅኩ የሽቦዎቹን ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ላጥኩ። አጠማዝዤ ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ዙሪያውን አሰርኩ። ቡናማው መሀል ካለችው ምላስ፣ ሰማያዊው አምፖሉ ከሚጠመዘዝበት ጥርስ ጋር። «ፀጉር የምታክል መዳብ ውጪ እንዳትቀር!» አሉኝ ጋሼ። ገመዱ ሲጎተት ጉልበቱ ብሎኑ ላይ እንዳያርፍም ፖርታላምፓዳው ውስጥ ቋጠሮ አስቋጠሩኝ። ስፒናው ውስጥ ያለው መቆንጠጫም የገመዱን የውጭ ላስቲክ እንዲይዝ አደረግን። አለቀ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ዓመት ሙሉ ወንድ የጠበቅኩት ለዚህ ነበር!

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። የእኛ ክብ ቀዳዳ ሶኬት ስፒናውን ተገልብጦም ስለሚቀበል አምፖል ስትቀይሩ ሁልጊዜ ንቀሉ። ችግሩ ሶኬቱ ወይም ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ከሆነ ደግሞ አትጀግኑ፤ ባለሙያ ጥሩ።

ማታ እህቴ አባዡሯን መሰካት ፈራች። እኔ ሰካሁት። ስትበራ ገመዱን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ተከተለችና ምንም ሳትል ደብተሯን ገለጠች።

እናንተም ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት የቤታችሁን ገመድ እንደሷ በዓይናችሁ ተከተሉት። ናስትሮ ካያችሁ «ነገ» አትበሉ። ቸር ሰንብቱ!