ረቂቅ ሥዕልና የመንዝ ብርሃን

ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም የሰውን ወይም የዕቃን መልክ ሳይገለብጥ በቀለም፣ በመስመርና በቅርጽ ስሜትን የሚገልጽ ጥበብ፣ በኢትዮጵያ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደውና በጀርመን ኮሎኝ የተማረው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሲሆን፣ ሥራው ለአገሩ ባዕድ ነው የሚል ትችት አላጣውም። የመንዝን ደጋ ላየ ሰው ግን ይህ ትችት ብዙም አያስኬድም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው የመንዝ ጓሳ፣ ገደሉን የሸፈነው ጉም ተገፎ ፀሐይ ድንገት ስትወጣ፣ ግራጫ የነበረው ሣር ወርቅማ ቢጫ ይሆናል፤ ዓይንም ቀድሞ የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ሣርነቱን አይደለም። የአገሬው ሸማኔም (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) የበጉን ጠጉር በተፈጥሮ ቀለሙ፣ ጥቁሩን ከቡናማው አዋዶ ባና የተባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ሲሠራ የማንንም መልክ አይስልም። የገብረ ክርስቶስን ሥራዎች ማየት የሚሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያገኛቸዋል።